በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት መልስ

ልጄ ሎረል፣ በሃንጋሪ ምድር በወጣሽ በገባሽበት ጌታ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ በቆሎውን አጭዶ ጨርሷል። ትንሹ ወንድምሽ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ እኔ ቤት ሳስተምራችሁ ትማሩበት የነበረው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ጭር ብሏል።

ሰኞ ጎረቤታችን ጆሊን መጣች። ልጆቿን እንደ እኔ ትምህርት ቤት ሳትልክ ቤት ልታስተምር ነውና ያንን በልጅነትሽ መልስ ትጽፊበት የነበረውን፣ ባለ ጥቅሱን የመንፈሳዊ ልብ ወለድ ጥናት መምሪያሽን ለመነችኝ። ልሰጣት ስገልጠው፣ «ሰው መካከል ሆነሽ ብቸኝነት የተሰማሽ መቼ ነው?» ይላል። አንቺ በአሥራ አንድ ዓመትሽ፣ «እማዬ መልሴን ስታርም» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ያኔ በቀይ እስክሪብቶ የፊደል ግድፈቱን ብቻ አርሜ አልፌዋለሁ።

«ይሄንንስ አልሰጥሽም» አልኳት።

«ምነው፣ ልትማሪበት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«አዎ» አልኳት።

የልጅነት አምላክሽ አይለይሽ። ያኔ ያልጠየቅኩሽን አሁን ጻፊልኝ፣ ልጄ፤ እንደመጣልሽ ይሁን።

እናትሽ ማርሊስ