ተቀመጪ ያልኳት እናቴ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ቦንጋ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ጡንቻ አስተማርኩ። ጡንቻ አጥንትን የሚያንቀሳቅሰው በመሳብ ብቻ እንደሆነ፣ መግፋት እንደማይችል፣ ስለዚህም አንዱ ክንድን ሲያጥፍ ሌላው እንደሚዘረጋው በጠመኔ ሥዬ አሳየኋቸው። መጨረሻ ላይ አንዲት ተማሪ፣ "ቲቸር፣ ካልሠራስ?" አለችኝ። "ክሮቹ ይቀጥናሉ፤ ጉልበቱም ያልቃል" ብዬ መለስኩላት። ይህን በየዓመቱ እላለሁ። ዛሬ ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ከገጠር፣ ከማንኪራ፣ ካመጣኋት ስምንት ወር ሆናት። እዚያ እያለች አንድ እግሯን አንስታ፣ እንሰቱን በተረከዟ ከሳንቃ ጋር አጣብቃ ለቆጮ ስትፍቅ ትውል ነበር። እኔ ግን ልጅ እያላት ለምን ትለፋለች ብዬ ውኃ እንኳን እንዳትቀዳ ከለከልኳት። ጎረቤት "እናቱን የሚጦር" ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለምሳ ስገባ ከወንበሯ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ጭኗ በቀሚሷ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ያየሁት ዛሬ ገና ነው።

"እማዬ፣ ትንሽ መንቀሳቀስ አለብሽ" አልኳት።

"ተቀመጪ ያልከኝ አንተ አይደለህ?" አለች፣ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከበላን በኋላ ግድግዳውን ይዛ እንደምንም ቆመችና ሳህኔን ለማንሳት እጇን ዘረጋች። ሳላስበው "ተይው እማዬ፣ እኔ አነሳዋለሁ" አልኳት።

መልሳ ተቀመጠች።