ዝይ ያልዋጠው ጥንዚዛ

ኅዳር 3
ፊደል እንዳልቆጥር ያስቀረኝ ወንድሜ በዳዊ ነው። "ሴት ልጅ ጽፋ ለማን ልትልክ?" ብሎ አባታችንን ያሳመነው እሱ ነው። ይኸው በስልሳ አንድ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ጨረስኩ። ደብተር ስገዛ መጀመሪያ የጻፍኩት የሱን ስም ሆነ... ይገርማል?
ዛሬም እንደ ወትሮው ድንጋይ ስወለውልለት ዋልኩ።

ኅዳር 9
እጁ ግን... እውነቱን ልጻፍ። ከአውራ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ድንጋይ ላይ ጥንዚዛውን፣ የጥንት ፈርዖኖቹን ክታብ፣ ሲያወጣው! ክንፉ የሚከፈልበትን መስመር በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል። እግሮቹ ሊሄዱ የተነሱ ይመስላሉ። ከሆዱ ሥር የጥንቶቹን የሥዕል ጽሑፍ ይቀርጻል፤ ወፉን፣ ሸምበቆውን፣ ፀሐዩን። አንዱንም አያነብም። ዐረብኛም አያነብም። እጁ ብቻ ያውቃል።
አርባ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አይቼ አልጠገብኩም። መሮውን ግን አንድ ቀን አላስነካኝም። "አንቺ ዝይዎቹን አብዪ!" የተቀረጸውን በሊጥ ጠቅልዬ አጎርሳቸዋለሁ፣ በማግስቱ ከኩሳቸው ለቅሜ አጥባለሁ። ዝይ ሆድ ውስጥ አድሮ ሲወጣ ሦስት ሺህ ዓመት መቃብር የከረመ ይመስላል። ለቱሪስቱም እንደዚያ ይለዋል።
እሱ በጣለው ስብርባሪ ላይ በምስማር ስንት ዓመት እንደሞከርኩ አያውቅም። ማንም አያውቅም።

ኅዳር 17
በዳዊ ወንዙን ተሻግሮ ለቅሶ ሄደ። መሮውን አነሳሁ። ጣቴ ደማ። አንድ ጥንዚዛ ወጣ።

ኅዳር 18
ከሱ ሥራዎች መሃል ደባልቄ አስቀመጥኩት። በዳዊ ሲመለስ አነሳው። ወደ ብርሃን አዞረው።
"ይህን መቼ ሠራሁት? አየሽ ረስሚያ፣ እጄ ገና አላረጀም!"
ገለበጠው።
"ይሄ ምንድን ነው? ወፍ አይደል፣ እባብ አይደል። የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ በይ አንብቢው።"
"ረስሚያ ይላል።"
"የቷ ረስሚያ?"
"ዝይ የምታበላዋ።"

ኅዳር 19
ድንጋዩን ዛሬ ራሱ ወለወለ።

ኅዳር 21
ጠዋት መቀመጫዬ ላይ መሮ አገኘሁ። የአባታችን ነው። በዳዊ ቀና ሳይል፣ "የጥንዚዛው ጭንቅላት ላይ ቸኩለሻል። ክንፉ ግን... ወላሂ፣ ክንፉ የኔ መስሎኝ ነበር" አለ። ከሱ አፍ! እንባዬን በሻሼ ጠረግሁ።
ቆየት ብሎ፣ "በይ ስሙን ፍቂውና ለዝይዋ ስጫት። ጥሩ ዋጋ ያወጣል።"
"የሞተ ሰው አልሠራውም፣ በዳዊ። እኔ አለሁ።"
"አዲስ ነው ካልሽ ማን ይገዛዋል?"
"ማንም አይግዛው።"
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጥንዚዛዬን ከነስሜ መስኮቱ ላይ አቆምኩት፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚራመድ ይመስላል።
ፊደሉን ይቅር አላልኩትም። መሮውን ግን ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ ለዝይ አላጎርስም። የኔንም፣ የሱንም።