ለራሱ ለልጁ ይነገረው፦ የእትዬ እስኪ ሕይወት

በዚህ የሕይወት ታሪክ ከልደታቸው አስቀድሞ ስህተታቸው እንዲነበብ ያዘዙት እትዬ እስኪ ራሳቸው ናቸው። «ሙገሳው ቢዘለል ማንም አይጎዳም፤ ስህተቴ ቢዘለል ግን ሌላ ሰው ይደግመዋል» ብለው ለቤተሰቡ አደራ ሰጡ። አደራ ጥብቅ ነውና እነሆ፦ በሕፃናት የልብ ሕክምና ክፍል በነርስነት ባገለገሉባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ የማያለቅስ ልጅ የማይፈራ ልጅ ይመስላቸው ነበር። መርፌ ሲወጋ ዝም ላለ ሕፃን፣ በገዛ መቀሳቸው ከወርቅማ ወረቀት የቆረጡትን ኮከብ ደረቱ ላይ ይለጥፉለት ነበር። ዝምታን ሲሸልሙ ከዝምታው በስተጀርባ የተሸሸገውን ፍርሃትም አብረው እየሸለሙ እንደነበር የተረዱት ዘግይተው ነው።

የተወለዱት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናታቸው የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ፣ አባታቸው የመናኸሪያው የድምፅ ማጉያ ተናጋሪ ነበሩ። አባታቸው የመነሻ ሰዓት በተለወጠ ቁጥር በማጉያው መናገሩ አይበቃቸውም፤ ከክፍላቸው ወርደው እንቅልፍ ወደጣላቸው ሽማግሌ ወይም ጓዝ ወደበዛባት እናት ይሄዱና ጆሮ ላይ ይደግሙታል። «መንገዱ የእሱ ነው፤ እሱ ካልሰማ ለማን ተነገረ?» ይሉ ነበር። የበኩር ልጃቸው እትዬ እስኪ ይህን አባባል የሰሙት በልጅነታቸው ነው፤ የገባቸው ግን በጎልማሳነታቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታተሉ። መምህራን በጥያቄያቸው ብዛት ይማረሩ ነበር። ማናቸውንም ነገር «እስኪ» ብለው ስለሚጀምሩ ይኸው ቃል ቅጽል ስማቸው ሆነ፤ በኋላም በሕመምተኛ ሕፃናት አንደበት «እትዬ እስኪ» ተብሎ ጸና። በነርስነት ሙያ ተመርቀው ነጭ ጋውን በለበሱ ጊዜ ግን፣ ሰው በደንብ ልብስ ውስጥ ብዙ ነገር ይረሳልና፣ ያ ጠያቂነታቸው ለጥቂት ዓመታት አንቀላፋ።

በሃያ አምስት ዓመታቸው ከውሃ ፓምፕ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሆኖም ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ «ለሰው ልጅ በሙሉ እስኪ ንገረኝ ትላለች፤ እኔ አፌን ስከፍት ግን ቆይ ትላለች» ብለው ያስቁ ነበር።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠችው ልቧ ላይ ክፍተት ይዛ የተወለደች የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የክፍሉ ሠራተኞች «ጎበዚት» ይሏት ነበር፤ በዚያ ክፍል ከእሷ የበለጠ ኮከብ የተለጠፈለት ልጅ አልነበረም። ቀዶ ሕክምናው የተዋጣ ሆነ። ዋናው የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንደ ልማዳቸው እናትና አባቷን ወደ ኮሪደር ጠርተው «ድናለች» አሉ፤ ወላጆቿም ሐኪሙን መርቀው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ከወራት በኋላ ለክትትል ስትመለስ የልብ አልትራሳውንዱ እንከን አልነበረውም። ልጅቷ ግን ከስታለች፤ ደረጃ አትወጣም፤ ድምፅ አውጥታ አትስቅም። ሐኪሞቹ ምርመራውን ደጋግመው ምንም አጡ። ያን ጊዜ እትዬ እስኪ አግዳሚው ወንበር ላይ ከጎኗ ተቀመጡ።

«እስኪ ንገሪኝ፣ ለምንድን ነው የማትሮጪው?»

«ስፌቱ ይተረተራላ።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም። ድሮ አትሩጪ ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ሩጪ ያለኝ ሰው የለም።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠይቂ ቀረሽ?»

«ጎበዝ ልጅ ዝም ነው የሚለው፤ ኮከብ የሚሰጡት ለዚያ አይደል እንዴ?»

እትዬ እስኪ ተነሥተው ወደ ሐኪሙ ሄዱ፤ ልጅቷ መሮጥ እንደምትችል ከአንደበታቸው አረጋግጠው ተመለሱና ጫማቸውን አወለቁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው በቀስታ ጀመሩ፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲደርሱ ቀድሞ ትንፋሽ ያጠራቸው ነርሷ ነበሩ። ልጅቷ በአዘኔታ ተመለከተቻቸውና፣ «እትዬ፣ እርስዎም የልብ ሕመም አለብዎት እንዴ?» አለቻቸው። ኮከብ የሚቆርጡበትን መቀስ በዚያው ዕለት ለፋሻ መቁረጫ ሰጡት።

በአርባ አንድ ዓመታቸው በዕድሜ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የሕፃናትን ሥነ ልቦና ተማሩ። ተመርቀው ሲመለሱ የተበላሹ አልጋዎች የተከመሩበትን ዕቃ ቤት ለመኑ፤ አጸዱት፤ ቀለም ቀቡት። እናታቸው ከደንብ ልብስ ቁርጥራጭ ደረታቸው ላይ ስፌት ያለባቸውን አሻንጉሊቶች ሰፉላቸው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ልጁ አሻንጉሊቱን ራሱ ያክመዋል፤ የሚያስፈራውን ሁሉ በአሻንጉሊቱ አፍ ይናገራል። ከሕክምናው በኋላም የማሽኑ ጩኸት በሕልሙ የሚመጣበት፣ ጠባሳውን ከጓደኞቹ የሚደብቅ፣ እናቱ ያለቀሰችው በእሱ ጥፋት የሚመስለው ልጅ ሁሉ ወደዚያች ክፍል ይመጣል። «ምን በልቼ፣ ምን ሠርቼ ነው እንዲህ የወለድኩት?» የምትል እናትም ትመጣ ነበር። ለሁሉም ልጅ ሩጥ አላሉም። ልቡ ፈጽሞ የማይጠገን ልጅም አለ፤ ለእሱም የሚችለውንና የማይችለውን ሳያስውቡ ነገሩት፤ በሚችለው ልክ አብረውት ተጫወቱ። እውነት ሲደበቅ ልጅ ከእውነቱ የከፋውን ይፈጥራል ብለው ያምኑ ነበርና።

አንድ ነገር ግን ሳይሳካላቸው ብዙ ዓመት ቆየ። ዋናው ሐኪም የዚያችን ክፍል ጥቅም አምነው ተቀብለዋል፤ የምሥራቹን ግን አሁንም ለወላጅ ብቻ፣ በኮሪደር ይናገሩ ነበር። እትዬ እስኪ በየስብሰባው ያነሡባቸዋል።

«እርስዎ ለልጁ ይንገሩት።»

«ለሕፃን ምን ይነገራል? እርስዎ አሉለት አይደል?»

«ጌታዬ፣ ልቡ የማን ነው? ደረቱን የከፈተው ሰው ድነሃል ካላለው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ብለፈልፍ አያምነኝም።»

«እኔኮ እንቅልፍ ካልወሰደው ልጅ ጋር መነጋገር አልችልበትም።»

ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። እትዬ እስኪ ሐኪሙ ለልጅ ሲናገሩ ሳያዩ በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ፤ ቢሆንም በሳምንት ሁለት ቀን ወደዚያችው ክፍል መመላለሳቸውን አላቋረጡም። አንድ ቀን የክፍሏ መብራት ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ፤ የመጣችውም ያቺ ጎበዚት ነበረች፤ አድጋ፣ መሣሪያዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ። መሰላሉን ደግፈው የቆሙት እትዬ እስኪ ናቸው። «ቶሎ ውረጂ ልጄ፤ አሁን የሚመታው የእኔ ልብ ነው» ይሏት ነበር።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸውን ታመሙ። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን ይዞ ልጆቻቸውን ወደ ኮሪደር ሲጠራ ከአልጋቸው ሆነው፣ «ተመለስ ልጄ፤ ወሬው የእኔ ነው» አሉት። ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ነገራቸው። አመሰገኑት። ይህንንም ዋናው ሐኪም ከወጣቱ አፍ ሰሙ፤ ሊጠይቋቸውም መጡ። ሲሰናበቱ እትዬ እስኪ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውንና ሁለት እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ በዚህ ቆመው የሚያለቅሱ፣ ደረታቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው ብዙ ወጣቶችም የእሳቸው ቤተሰብ ናቸው፤ በእሳቸው ፊት ማልቀስ ክልክል አይደለም። የፈሩትን ሲያደምጡ ለኖሩት ነፍስ ፈጣሪ ራሱ ጆሮውን ያዘንብልላት፤ ፍርሃት በሌለበት ስፍራም ያሳርፋት።

በዚያው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከልብ ሕክምና ክፍሉ ተሰናበተች። ዋናው ሐኪም ወላጆቿን ወደ ኮሪደር አልጠሩም። አልጋዋ አጠገብ ተንበረከኩና ልቧ እንደዳነ፣ መሮጥም እንደምትችል ለራሷ ነገሯት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሲነሡ እጃቸውን ይዛ ረዳቻቸው። ከዚያም ሮጠች።