በዱቤ የተወሰደ የአባት ስም

አባዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ሰላምታ ይቀድማል። አንተን ግን ጤናህን ብጠይቅህ ምን ልትመልስልኝ? ይልቅ የኔን ልንገርህ፤ ደክሞኛል። ከተለየኸን ስምንት ወር ሊሞላ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ የጠገብኩ አይመስለኝም።

እህል ቤትህን አከራየነው። የተከራየው ካሴት ሻጭ ነው። አንተ በቆሎና ጤፍ ትመዝንበት በነበረው ቦታ ድምፅ ማጉያ አቁሞ ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። እማዬ መጀመሪያ ላይ በዚያ በኩል ማለፍ አቅቷት በጓሮ ትዞር ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ታናሼ ደሳለኝ አሥረኛ ክፍል ገብቷል፣ በቁመትም አልፎሃል። ኪራዩ ለምግብ እንጂ ለሱ ትምህርት አልደርስ አለ። እኔም ሥራ ፍለጋ ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። ስለዚህ ሳውዲ ልሄድ ነው።

አትቆጣ እንጂ! እስኪ ጨርሰህ ስማኝ።

የምሠራው ሰው ቤት ነው። ሻንቶ ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚያ ሠርታ ስለተመለሰች ሁሉን ነግራኛለች። ከከተማ ወጣ ሲሉ አሸዋ ብቻ ነው አለችኝ፤ ዝናብ እንደሆነ ሰዉ ረስቶታል። የዳሞታ ተራራ ጭጋግ በለበሰ ቁጥር እህሌ ሊረጥብ ነው እያልክ ሸራ ይዘህ ትሮጥ የነበርከው አንተ፣ እዚያ ብትነግድ ኖሮ እንዴት ባረፍክ! እማዬ ከአሁኑ ዳጣ እየፈጨችልኝ ነው። ደላላው በርበሬ በሻንጣ አይገባም ብሏታል፤ እሷ መች ሰማችው።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ደላላው በክርስቲያን ስም ቪዛ አይገኝም አለ። አማረች መሆኔ ቀርቶ ዘሀራ ልባል ነው። ይሁን፣ ይለመዳል አልኩ። ፎቶውንም ሻርፕ ተከናንቤ፣ ማተቤን ፈትቼ በእጄ እንደጨበጥኩ ተነሳሁ። የአባትሽም ስም ይቀየራል ሲለኝ ግን እሱስ ይቅር ብዬ ለመንኩት። ለእሱ ማንም ቢሆን ግድ የለውም፤ አንድ የማላውቀውን ስም ወርውሮልኝ አጥኚው አለኝ። ደሳለኝ እራት ላይ ይጠይቀኛል። ስምሽ? ዘሀራ። የአባትሽስ? አንጁሎ! አፌ ካንተ ስም ሌላ እምቢ አለኝ፣ አባዬ። ደላላው ራሱ ሲፈትነኝም አንጁሎ አልኩት። እንዲህ ከሆነማ ገና ቦሌ ላይ ነው የሚመልሱሽ ብሎ ጮኸብኝ።

ጥፋቱ እኮ ያንተ ነው። ከበዴሳ ገበያ በተመለስክ ቁጥር ገና ከአጥሩ በር ላይ፣ ስም እንደሚጠራ መምህር፣ አማረች አንጁሎ ብለህ ትጣራለህ። አቤት ካላልኩህ አትገባም። አንዳንዴ ሆን ብዬ ዝም እልሃለሁ፤ አንተም ዝናቡ እየወረደብህ ቆመህ ደግመህ ትጠራለህ። እማዬ ከውስጥ ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ ትለናለች። አልጋ ላይ ከዋልክም በኋላ፣ ድምፅህ እያነሰ፣ መጥራትህን አልተውክም። ታዲያ ይሄን አፍ ምን ብዬ ልግራው?

ሲጨንቀኝ የሱቅ ጎረቤትህ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። የማያውቅህ ሰው ልጅ ከምባል፣ ከስልጤ መጥተው ዕድሜ ልካቸውን ከአንተ ጋር ሻይ የጠጡት የሳቸው ልጅ ልባል ብዬ ስማቸውን ለመንኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ልወጣ ስል፣ ውሰጂው፣ ግን በዱቤ ነው አሉኝ፤ ተመልሰሽ ሶዶ ስትገቢ የኔን መልሰሽ የአባትሽን ትወስጃለሽ። ከዚያ ስኳር የሚመዝኑ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። ገዢ እንኳ አልነበረም። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ከቀብርህ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

አሁን ስጠየቅ ዘሀራ ከድር እላለሁ፤ አልሳሳትም። ሙት ዓመትህ ሲደርስ እኔ የለሁም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስምህን ታስጠራለች፤ ደሳለኝም ከሷ እንዳይለይ አደራ ብዬዋለሁ።

እዚያ አማረች ብሎ የሚጠራኝ አይኖርም። ቢሆንም ቃሌ ነው። በየቀኑ ሥራ ጨርሼ በሬን ስዘጋ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አማረች አንጁሎ ብዬ ራሴን እጠራለሁ። እንደ ድሮው ዝናብ ላይ አላቆምህም፣ አባዬ፤ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት እላለሁ።

ልጅህ
አማረች አንጁሎ