የማይለጠጠው ሱሪ

እሑድ፣ ሜይ 4

ጭኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ብጎትተው፣ ብዘል፣ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ወደ ላይ ብሰቅል፣ ወይ ፍንክች። ጭራሽ ስፌቱ ጠሽ አለና ክሩ ከላይ እስከ ታች ተበጣጠሰ።

የሩጫ ሱሪ ነው እንግዲህ። ከላዩ አጭር ቀሚስ ተሰፍቶበታል፣ ከቀሚሱ ሥር ኪስ አለው፣ ታጥቦ ለማግስቱ ይደርቃል፣ ሻንጣ ውስጥ ቢጠቀለል አይጨማደድም። ሐሳቡ ይሄ ነበር። ሱቅ ያለውንማ ለክቼ አይቼዋለሁ። ለወገቤ ልክ የሆነው ዳሌዬን አያሳልፍም፤ ዳሌዬን ያሳለፈው ደግሞ ወገቤ ላይ አልያዝ ብሎ ያለኝን ሁሉ ለሰው ያሳያል። እኔ ራሴ እሰፋዋለሁ አልኩ። ያኔ አፌን በቆረጠው።

ሩጫው ቅዳሜ ነው። በመክሊት ትምህርት ቤት ያሉ ሯጭ ሴት ልጆች፣ ለእናቶች ቀን ዋዜማ ከእናቶቻቸው ጋር አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ቦታው እኛ ካለንበት ከኦሮራ ወጣ ብሎ፣ ተራራው ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አርብ በትምህርት ቤቱ ቫን ሄደን እዚያው እናድራለን። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ካለፈው መስከረም ወዲህ ከእኔ ጋር እንኳን ከከተማ ውጭ፣ ግሮሰሪም መሄድ አትወድም። የሩጫውን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፋ "ኢፍ ዩ ዋንት" ብላኝ ክፍሏ ገባች። ከፈለግሽ ማለቷ ነው። ከስምንት ወር በኋላ የመጣች ግብዣ ናት፤ በሱሪ ምክንያት አላስቀራትም።

ሰኞ፣ ሜይ 5

መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌና አሮጊት ሳለብስ እውላለሁ። ቤት ስገባ ራሴን ማልበስ አቃተኝ።

የስፌት መኪናውን ያዋሱኝ ከታች ቤት ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው። አገር ቤት ስንት ሙሽራ ያለበሱ ሴት ናቸው። ዛሬ ወጡና ሱሪዬን በሁለት ጣታቸው አንስተው "ይሄ ጨርቅ ነው ማስቲካ?" አሉኝ። የሰፋሁት እንደ ሐበሻ ቀሚስ ነው፣ በቀጥታ ስፌት። ለካ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ አብሮት አይለጠጥም፤ ስለዚህ ይበጠሳል። ዚግዛግ ነው የሚያስፈልገው። መርፌውም ሹል ከሆነ እየዘለለ ይሰፋል፤ ጫፉ ዱልዱም የሆነ መርፌ አለ አሉ። ሀቫና መንገድ ላይ ያለው የጨርቅ ሱቅ ሄጄ ፓርክ ማድረጊያ ስፈልግ መሸብኝ። መርፌው ግን ተገኘ።

ቀለሙን ሆነ ብዬ ነው የመረጥኩት፤ ጥቁር ሰማያዊ። ማንም እንዳያየኝ። ባለፈው መስከረም የመክሊትን ሩጫ ለማየት ከሥራ በቀጥታ ሄጄ ነበር። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ስለበረደኝ ከላዩ ነጠላ ደርቤ። ልጄ ከዛፎቹ መሀል ብቅ ስትል እልልታዬን ለቀቅኩት። ባሌ መስፍን እስከ ጎረቤት ግዛት፣ እስከ ካንሳስ ተሰምቷል ይላል። መክሊት ዞር ብላ እንኳን ሳታየኝ በፊቴ አለፈች። መኪና ውስጥ "ማም፣ ፕሊስ፣ ዶንት ዱ ዛት አጌን" አለችኝ። ሁለተኛ እንዳታደርጊው ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ የት እንደምትሮጥ ነግራኝ አታውቅም።

ዘጠኝ ወር ተሸክሜ የወለድኳት ልጅ በእኔ አፈረች። ይሄን ለማንም አላወራሁም፣ ለመስፍንም። ቅዳሜ ጥቁር ሰማያዊዬን ለብሼ፣ አፌን ዘግቼ፣ እንደ ሰው እናት እሮጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ዚግዛጉ ሠራ። ስፌቱን ይዤ ብጎትተው ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ ክሩ ምንም አይሆንም። በደስታ መስፍንን ጠርቼ አሳየሁት።

ከዚያ ለበስኩት። ጭኔ ላይ ቆመ።

የጠረጠርኳቸው ነገሮች፦
ጨርቁ በውኃ ገብቶ ይሆን? ከመቁረጤ በፊት አጥቤዋለሁ። አይደለም።
የሚለጠጠውን ጎን ወደ ቁመት አዙሬው ይሆን? አይደለም፤ ወደ ጎን ነው የሚለጠጠው።
መለኪያ ሜትሬ አርጅቶ ይሆን? ከእትዬ አስካለ ሜትር ጋር አስተያየሁት። እህትማማች ናቸው።
ሰይጣን ይሆን? ይሄኛው አልተጣራም።

እትዬ አስካለ "አርጥቢና በደንብ ተኩሺው፣ ይላላል" አሉኝ። እሳቸውን እምቢ አይባልም። ካውያውን ሳሳርፈው ጨርቁ ጭስ አለና ሽታው ቤቱን ሞላው። አሁን ቀኝ ጉልበቱ ላይ የካውያ አፍንጫ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። "ጥጥ መስሎኝ እኮ ነው እቴ" ብለው ወረዱ። በሩን ዘግተው ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ።

መክሊት አንገቷን ብቅ አድርጋ ጉልበቱን አየችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሜይ 7

ተገኘ። የበደሉ ምክንያት ተገኘ፤ በደለኛዋ እኔ ነኝ።

መስፍን ከታክሲ ሥራው ተመልሶ ጥብሱን እየበላ ነው። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፤ ረቡዕ አርብ ሳይባል ሥጋ ነው። እኔም አጠገቡ ሆኜ በአንድ እጄ እጎርሳለሁ፣ በሌላው ሱሪውን ይዤ እረግማለሁ። መሀል ላይ "ሰብልዬ፣ ለመሆኑ የተለካሽው መቼ ነው?" አለኝ።

"የሆሳዕና ዋዜማ" አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። እኔም አቆምኩ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው የሳቀው።

ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የለ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ወገቤ ላይ ሜትር ብጠመጥም፣ ከሠርጌ ወዲህ ያላየሁትን ቁጥር አሳየኝ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ትንሽ ጠበቅ አደረግኩት። የሚለጠጥ ጨርቅ ከሰውነት ልክ ትንሽ ጠቦ ነው የሚቆረጠው ስለተባለ ከዚያም ላይ ቀነስኩ። ከዚያ ፋሲካ ገባ። የእኔ ዶሮ፣ የእትዬ አስካለ ዶሮ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር የመስፍን እህት ቤት ክትፎ፣ የክርስትና ድግስ። አሁን ተለካሁ። እዚህ የምጽፈው ቁጥር አይደለም።

ሱሪውን የሰፋሁት ለሌላ ሴት ነው። ያቺ ሴትዮ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ፊት ቀርታለች።

በየጎኑ አራት አራት ጣት ይጎድለኛል። የተረፈኝ ጨርቅ መሀረብ አይወጣውም። ሱቁ ደውዬ ጠየቅኩ፤ ያ ጨርቅ አልቋል፣ ተመልሶ አይመጣም አሉኝ። መስፍን አሁንም በየመሀሉ ይስቃል።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

አልሄድም ብዬ ነገርኳት።

ከሥራ እንደገባሁ፣ ሳሎን ተቀምጣ ቲቪ ታያለች። መክሊትዬ፣ የሚሆን ልብስ አጣሁ፣ ለሌላ ጊዜ እንሩጥ አልኳት። ዓይኗን ከቲቪው ሳታነሳ "ኦኬ" አለች። ያንን ኦኬ አውቀዋለሁ። ተነስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ድርግም አድርጋ ብትዘጋው ግድ አልነበረኝም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ንድድ አለኝ። በሱሪው ተናደድኩ፣ በሜትሩ ተናደድኩ፣ በክትፎው ተናደድኩ። በእሷም ተናደድኩ። ያፈርሽው አንቺ፣ የጠራሽኝ አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ ኦኬ። ሳህን አጥቤ ስጨርስ እንደገና አጠብኩት።

የስፌት መኪናውን ለእትዬ አስካለ ልመልስ ብዬ ስሄድ ላዩ ላይ ልብስ ተቀምጧል። የመክሊት የአምና የሩጫ ቲሸርት ነው፣ የጠበባት። ብርቱካናማ፣ ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት። ከላዩ መቀስ ተደርጎበታል።

በሯ ጋ ሄጄ ይሄ ምንድን ነው አልኩ።

"ኢት ስትሬችስ" አለችኝ ከውስጥ። ይለጠጣል።

ያንን ቲሸርት እንኳን ለመቁረጥ፣ ከሌላ ልብስ ጋር ሳጥብባት ትቆጣኝ ነበር። መቀሱን አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ወጥታ እሷው ራሷ ጀመረችልኝ። እኔ ስሰፋ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ተቀመጠች። "ዶንት ፑል ኢት፣ ማም" ትለኛለች በየደቂቃው። ማን ነው እዚህ ቤት ሰፊዋ? ግን እውነቷን ነው፤ ሲጎትቱት ስፌቱ እንደ ቄጠማ ይጠማዘዛል።

አርብ፣ ሜይ 9

ወጣ። እስከ ወገቤ ወጣ። ቁጢጥ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ መኝታ ቤቱን ዞርኩ፤ ጠሽ የሚል ነገር የለም። ኪሱ ቁልፍ ይይዛል። ቅምቅማቱ ትንሽ ተዛንፏል፣ አላይም አልኩ።

መልኩን ግን ልናገር። ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በግራና በቀኝ ሰፊ ብርቱካናማ መስመር ወርዷል። የቲሸርቱ ጨርቅ ስላልበቃ ደረቱንም ቆርጠነዋል፤ ከትምህርት ቤቱ ስም ሁለት ፊደል ግራ ዳሌዬ ላይ ቀርቷል። ጉልበቴ ላይ ካውያው ያበራል። እንዳልታይ ብዬ ነበር እኮ የጀመርኩት።

ዛሬ ግንቦት ልደታ ነው። እትዬ አስካለ ከፓርኪንጉ ዳር ዛፉ ሥር ንፍሮ አውጥተው ጎረቤቱን ሰብስበዋል። ልሰናበታቸው ስወርድ ሱሪውን ለብሼዋለሁ። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ "መንገድ ሠሪ መሰልሽ" አሉ። ከዚያ መርቀውኝ ንፍሮውን በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝ። ቫኑ ውስጥ ለሌሎቹ እናቶች አዞርኩት። አንዷ ሦስት ጊዜ ዘገነች።

ከኦሮራ ወጥተን ተራራው መቅረብ ሲጀምር ለመክሊት በጆሮዋ፣ አይዞሽ፣ ነገ አፌን እዘጋለሁ፣ እልል አልልም አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቆይታ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነገረችኝ። መስከረም ላይ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበር የወጣችው። ሁሉም ገብተው፣ ውኃቸውን ጠጥተው፣ ሜዳው ፀጥ ብሎ ነበር። "ከዛ አንቺ እልልልል አልሽ። ኤቭሪባዲ ማን አሸነፈ ብሎ ዞረ። ኢት ዋዝ ጀስት ሚ።" ለካ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለቷ ነው።

እኔ እኮ ከፊቷ ስንት ሰው እንዳለፈ አላየሁም። ስትመጣ ብቻ ነው ያየሁት። እንዲህ ብዬ ነገርኳት። "አይ ኖው"፣ አውቃለሁ፣ አለችኝና ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። እስክንደርስ አልተንቀሳቀስኩም፤ እጄ ደንዝዟል።

በእኔ አልነበረም ያፈረችው። ስምንት ወር ሙሉ ለብቻዬ ያብሰለሰልኩት ነገር ልክ እንደ ሱሪው ያለ ልኩ የተቆረጠ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ቫኑ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ እየተመለስን። መክሊት አጠገቤ እንቅልፍ ወስዷታል።

መንገዱ አቀበት ነበር። ወረቀቱ ላይ አቀበት የሚል የለም። ገና ሲጀመር ሂጂ አልኳት፣ እምቢ አለች። ሂጂ ብዬ ተቆጣሁና ሄደች። ልጄ ስትሮጥ ያምርባታል፤ ከኋላ አይቻት አላውቅም ነበር።

እኔ ሮጥኩ፣ ተራመድኩ፣ ቆምኩ፣ ደግሞ ሮጥኩ። የአንገትጌዬ ስፌት ቆዳዬን ፈገፈገኝ። ክትፎውን አስታወስኩት። ሱሪው ግን አልተፈታም፣ አልወረደም፣ አልተቀደደም። የሱቅ ልብስ የለበሱት ሴቶች በየደቂቃው ወገባቸውን ወደ ላይ ሲጎትቱ አይቻለሁ። እኔ አንድ ጊዜም አልጎተትኩም።

መጨረሻው ሲታየኝ ከኋላዬ የቀረችው የሕፃን ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እናቶቹ ገብተዋል፣ ሙዝ ይበላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ሜዳው ፀጥ ብሏል። አንገቴን ደፍቼ፣ ማንም ሳያየኝ ልግባ ብዬ እየሮጥኩ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የመኪና አላርም መሰለኝ።

መክሊት ናት። ገመዱ ዳር ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጓደኞቿ ሁሉ እያዩዋት እልል ትላለች። ምላሷን ማንቀሳቀስ እንዳለባት ማንም አልነገራትም፤ በጉሮሮዋ ብቻ ነው የምትለው። እልልታ አይባልም። ግን አላቆመችም።

ሰው ሁሉ ማን አሸነፈ ብሎ ዞረ። ብርቱካናማ ነኝና ለመፈለግ አልተቸገሩም።