አጭሩን የማርሽ ዘንግ ገጠምኩት

ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ አስራ አንድ ወር ሆነ። ልጃችን ማርቲ ኮሌጅ ገባች፤ እኔም ወደ ጠዋት ፈረቃ ተዛወርኩ። ማንዋሏ መኪናህ ግን አንተ እንዳቆምካት፣ ፊቷን ወደ ጋራዡ ግድግዳ አዙራ አለች። በየሳምንቱ አስነሳታለሁ እንጂ ከቦታዋ ነቅነቅ አላደረግኋትም።

ወንድምህ ገዢ አገኘላት። ማንዋል ላንቺ ይከብድሻል እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመ። እልኸኛነቴን ታውቀው የለ? እስከ ቅዳሜ ራሴ ነድቼ ካላወጣኋት ውሰዳት አልኩት። የደነገጥኩት ካልኩ በኋላ ነው።

ስታስተምረኝ ትዝ ይልሃል? ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት ክንዴ አልደርስ እያለ ከወንበሬ ብድግ ስል ትስቅብኝ ነበር። ኋላ ያንተም ትከሻ ታመመና ሳቁ ቀረ። ለሁለታችንም ይሆናል ብለህ፣ ማርሽ ሲገባ እጀታው ሩቅ የማይሄደውን አጭሩን የማርሽ ዘንግ አዘዝክ፤ ካርቶኑን ሳትከፍተው ሄድክ። በዚህስ ተቀይሜሃለሁ።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ከፈትኩት። በወንበሮቹ መሃል ያለውን ፕላስቲክ አንስቼ ረጅሙን ዘንግ ፈታሁ፤ አጭሩን ግራሶ ቀብቼ ገጠምኩ። ከደስታዬ ብዛት ሳልሞክር ሁሉንም ብሎን አጥብቄ ከደንኩት። ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ሁሉ ገቡ፤ የኋላው እምቢ አለ። ግድግዳ ፊት የቆመች መኪና ያለ የኋላ ማርሽ በየት ትወጣለች? መሪው ላይ ተደፍቼ ስምህን እየጠራሁ አለቀስኩ።

አርብ እንደገና ፈታሁት። ለካ የኋላ ማርሽ ሲገባ ወደ ላይ የሚሳበውን ቀለበት ገልብጬ ኖሯል የገጠምኩት። አስተካክዬ፣ ሳልከድን ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ጠንከር ይላል፤ ግን ክንዴ ይደርሳል።

ቅዳሜ ወንድምህ ከገዢው ጋር ሲመጣ የጋራዡን በር ከፍቼ ጠበቅኋቸው። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ቀለበቱን ሳብኩ፣ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ወጣሁ። ወንድምህ ጎማው ሥር የቀረውን በረዶ በእግሩ ገፋልኝና ገዢውን ይዞ ሄደ።

የሙት ዓመትህን ዳቦ ቤተ ክርስቲያን የማደርሰው በእሷ ነው። ዘንጉን ብቀይረውም ከላይ ያለው እጀታ ያንተው ነው፤ አውጥቼ አዛወርኩት። ቁጥሮቹን መዳፍህ አጥፍቷቸዋል። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር እጄ የሚያርፈው እጅህ በነበረበት ላይ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ጌትዬ፣ ሌላ እጀታ አይገባላትም።

ባለቤትህ