የማን ሰንበት

ሰኞ፣ ኅዳር 2

መብራት የለም። ፋኑ ቆሟል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ላቤ ወረቀትህ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፣ ታገሠኝ። ከሰዓት ነው ከአቦቦ የተመለስኩት። የመንደሩ ጉድጓድ ሞተር ተቃጥሏል። ሴቶቹ ከወንዝ ይቀዳሉ። ውሃው ቡናማ። ልጆቹን ተቅማጥ ጥሏቸዋል። አንዷን ሕፃን ወደ ጤ/ጣቢያ ሲወስዷት አየሁ፣ አንገቷ አልቆም ብሏል።

ማታ ውሃ መ/ቤት ስብሰባ። ኃላፊዬ ጋሽ ታደለ መቼ ይጠገናል አለ። አፌ ቀደመኝ። «ሰንበት ሳይገባ ውሃ ይወጣል» አልኩ። ደስ አለው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው። ይሄ ከተሳካ ቋሚ ነኝ። እንደ እብድ ደስ ብሎኛል!

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አባባ ከጎንደር ደወለ። የኢየሩሳሌሙ ጉዞ ዘንድሮም ወሬ የለውም። ከተወለድኩ ጀምሮ እየጠበቅን ነው። እኛ ቤት አልጋ አይቀየርም፣ ግድግዳ አይለሰንም። እንሄዳለን እያልን። ዛሬ አላስቻለኝም፤ ፈጣሪ የሠራን ለመጠበቅ ብቻ ነው ወይ አልኩት። እሱም አዳም እንኳ ገነት የገባው ሊያበጅም ሊጠብቅም ነው አለ። እኛ ማበጀቱን ረስተነው ይሆን? ቀኑን ሙሉ ይሄ ቃል ጆሮዬ ላይ። እኔ እኮ የተማርኩት ማበጀት ነው፣ የውሃ ሞተር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ጉድ ሆንኩ። አዲሱ ሞተር ነገ ከሰዓት በአውሮፕላን ይገባል። ዘገየ ብዬ እየሮጥኩ ጋሽ ታደለ ቢሮ። ምን ያስቸኩልሻል፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን አለሽ አለ። ያኔ ገባኝ። የእሱ ሰንበት እሁድ ነው። የእኔ ነገ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል።

ቤተ እስራኤል መሆኔን እዚህ የሚያውቅ የለም። ጎንደሬ ስለሆንኩ ኦርቶዶክስ ነኝ ብለዋል። ሥጋ አልበላም ስል ጾም ይመስላቸዋል። አላረምኳቸውም። ት/ቤት ቡዳ እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ፣ ደግሞ እዚህ?

ዓርብ፣ ኅዳር 6፣ ጠዋት

ነገርኩት። ጋሽ ታደለ መነጽሩን አወለቀ።

«እና ቅዳሜ አልሠራም ነው የምትይኝ፣ አንቺ ልጅ?»

አላውቅም አልኩ። ነገ እኩለ ቀን ከክልል እንግዶች አሉ፤ ጉድጓዱ ጋ ቆመሽ ታስረጃለሽ፣ ፎቶና ሪፖርት ትልኪያለሽ፣ ካልሆነ ቋሚነቱን እርሺው አለ። ሹፌራችን ኦጁሉ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ጴንጤ ነው፣ አፉ አያርፍም።

«ጋሼ እሁድ፣ እህቴ ቅዳሜ። ሞተሩስ ምን ሃይማኖት ነው?»

ራሱ ብቻ ሳቀ። ወጥተን መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቺ ሕፃን ጉሉኮስ ላይ ናት አለኝ። ታላቅ ወንድሟንም ተቅማጡ ጀምሮታል። የሞተሩን ሽቦ የሚያገናኝ ሌላ ሰው የለም። እኔ ብቻ።

አባባ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

«የዛሬ መምህራን ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል ይላሉ። አያትሽ ግን በሰንበት ወንዝ እንኳ አይሻገሩም ነበር። እኔ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድም ልጄ። ብቻ የምትሄጂው ለልጆቹ ነው ለቅጥርሽ?»

ለሁለቱም ነዋ! ይህን ሳልነግረው አፍሬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ፣ 11 ሰዓት፣ አቦቦ፣ መንደሩ

ሞተሩ ገባ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ይዘነው መጣን። በሰንበት መንገድ እንዳልሄድ እዚሁ አድራለሁ። የመንደሩ ወንዶች አሮጌውን ቧንቧ እያወጡ ነው። በጨለማ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም፣ ጠዋት ነው። ሴቶቹ አሁንም ባልዲ ይዘው ወደ ወንዙ።

መንገድ ሙሉ አሰብኩ። ሁለቱን መለየት አለብኝ። ለልጆቹ የሚሆነውን እሠራለሁ፤ ለቅጥሬ የሚሆነውን አልነካም። ሽቦ አገናኛለሁ፣ ውሃው እስኪጠራ እቆያለሁ፣ ከዚያ እጄን ታጥቤ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ፎቶ የለም። ሪፖርት የለም። እንግዶቹን ኦጁሉ ያስረዳ፣ ወሬ አያልቅበት። ለጋሽ ታደለ ይህንኑ ቴክስት አድርጌ ስልኬን አጠፋሁ። ቋሚነቱ ሄደ ማለት ነው። ግን አባባ አሁን ቢጠይቀኝ እመልስለታለሁ።

አያቴ ይቅር ይሉኝ ይሆን? አላውቅም። ሰንበትን ሽሬ አላውቅም፣ እንደ ነገውም ጠብቄያት የማውቅ አይመስለኝም። ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ናት። በሰንበት አይጻፍም፣ መጻፍ የምችለው እስከ